አባቴን በመስኮት ሰላም ያልኩበት ቀን

ዕድሜ ሲገፋ የሚያሳፍር ነገር እየቀነሰ ይሄዳል ብዬ አስብ ነበር። ተሳስቻለሁ። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ልጆች ወልጄ አድርሼ፣ ዛሬም አንዲት ቀን ትዝ ስትለኝ ብቻዬን በተቀመጥኩበት አንገቴን እደፋለሁ። ባለቤቴ እንኳን የምታውቀው ግማሿን ነው። ለእናንተ ሙሉዋን ልንገራችሁ፤ ስትፈርዱብኝ ግን እስከ መጨረሻው ሰምታችሁ ይሁን።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ ነው፤ አገሩ ሰቆጣ። እኔ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ግን እጅ ጽሑፌ ያምራል፣ በዚህችው ምክንያት ከኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሥራዬ ጥበቃ ነው። የምጠብቀው ከከተማው ዳር ያለ የጭነት መኪና ማቆሚያ ግቢ ነው። ከወልዲያ በኩል የእርዳታ እህል ጭነው የሚመጡ መኪኖች መጋዘኑ ተራ እስኪሰጣቸው እዚያ ይቆማሉ። ከፊሎቹ እዚያው ሰቆጣ ያራግፋሉ፣ ከፊሎቹ ወደ ኒሯቅ ቁልቁል ይወርዳሉ።

ግቢው ዙሪያውን በድንጋይ ካብ የታጠረ ሜዳ ነው። አንድ ዛፍ የለበትም። ፀሐይዋ ስትበረታ ጥላ የሚገኘው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከካቡ ሥር ወይም ከመኪና ሥር። ስለዚህ ጉዳይ ይዞ ከገጠር የመጣ ሰው፣ ገበያ ውሎ የደከመው ሰው፣ በካቡ ክፍተት ሾልኮ ይገባና ከመኪና ሆድ ሥር ጋደም ይላል። ይህን ነገር የግቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህም የራሳችን ዘዴ ነበረን።

ዘዴው የአያ በሪሁን ነው። አያ በሪሁን የቀድሞ ወታደር፣ ስድሳን የዘለለ፣ ከኔ ጋር ጥበቃ የነበረ ሰው ነው። መኪና ሊነሳ ሲል በትሩን ይዞ ይመጣል፤ ጎንበስ ብሎ ከፊት እስከ ኋላ ሆዱን ያያል፣ "ሰው አለ?" ይላል አንዴ በአማርኛ አንዴ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ። ከዚያ የነዳጅ ጋኑን በበትሩ ይመታዋል። ሁለት ጊዜ ከመታ መንገዱ ነጻ ነው፣ ሂድ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከመታ ቁም፣ ሰው አለ ማለት ነው። ከወልዲያም ይምጣ ከደሴ፣ ይህን ምት የማያውቅ ሾፌር አልነበረም።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ስርቆት በዛ። መጀመሪያ ሸራ ተቆርጦ ተወሰደ፣ ቀጥሎ ቅያሪ ጎማ ጠፋ። ሾፌሮቹ በኛ ላይ ያጉረመርሙ ጀመር። እኔ እሳት ጎረስኩ። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩና ለግቢው ኃላፊ ለአቶ ሰይፉ ሰጠሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው። ጥበቃ እንደ ከብት እረኛ ሜዳ ለሜዳ መዞሩን ያቁም፤ አንድ የጥበቃ ቤት ከበሩ፣ አንድ ከጓሮው ጥግ ይሠራ፤ ጥበቃው ከፍ ብሎ ተቀምጦ ሁሉንም በመስኮት ይይ። አቶ ሰይፉ ወረቀት የሚወድ ሰው ነው፤ ወረቀቴን ወደደው።

ቤቶቹ ተሠሩ። እስከ ወገብ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ እንጨትና ቆርቆሮ፣ በሦስት በኩል መስታወት፣ አረንጓዴ ቀለም። የበሩ ሰንሰለት ጫፍ በመስኮቴ ገብቶ ከውስጥ እንዲታሰር አደረግሁ፤ ሳልነሳ አስገባለሁ፣ ሳልነሳ አስወጣለሁ። ደንቡንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጥበቃ ተተኪ ሳይመጣለት ከቤቱ አይወጣም። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ወደ ጥበቃ ቤት አይገባም። መኪና የሚወጣው በተፈረመ መውጫ ወረቀት እንጂ በበትር ምት አይደለም። በሚያምረው እጅ ጽሑፌ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት።

አያ በሪሁን ማንበብ አይችልም፤ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማና፣ "ልጄ፣ ቤቱ ደግ ነው። ብርዱንም ይከልላል። ግን ከዚህ መስኮት የመኪና ሆድ አይታይም" አለኝ።

"አያ፣ አሁን ሰው ወደ ግቢ አይገባም እኮ! ካልገባ ከመኪና ሥር ምን ይሠራል?"

"እንዳልክ ይሁን" ብሎ በትሩን ይዞ ወደ ጓሮው ቤት ሄደ። በልቤ ያረጀ ሰው አዲስ ነገር አይወድም አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ቤቶቹ ሠሩ። ሌባ ድርሽ አላለም። ሾፌሮቹ ግን ወረቀቴን አልወደዱትም። በተለይ እንድሪስ የሚባል የደሴ ሾፌር ነበር፤ ባለተሳቢ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ቀልደኛ። ፊርማ ጎደለ ብዬ ሁለት ጊዜ ከበር መልሼዋለሁ። "ኪሮስ፣ አንተ ሰማይ ቤት በር ላይ ብትመደብ ጻድቅ የሚባል አይገባም ነበር" አለኝ። ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሕግ ሳስከብር የሚያስቅ ነገር አይታየኝም ነበር።

ወሬው ራቅ ብሎም ተሰማ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ቤቶቹን ሊያዩ ነው፤ ከወደዷቸው በሌሎቹም ግቢዎች ይሠራል፤ ኪሮስም የጥበቃ ኃላፊ ይሆናል ተባለ። ሌሊቱን ሸሚዜን አጥቤ አደርኩ። የእንግዶቹ ቀን የገበያ ቀን ነበር።

የዚያን ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ቀና ስል በመስኮቴ ፊት አባቴ ቆሟል።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ትንሽ ልበላችሁ። አባቴ የደሃና ወረዳ ገበሬ ነው። ከስምንት ወር በፊት በክፉ ነበር የተለያየነው። በሬዎቹን ተረክቤ እንዳርስ ፈለገ፤ እኔ እምቢ ብዬ ለጥበቃ ተቀጠርኩ። ያን ዕለት፣ "ወንድ ልጅ የራሱን ትቶ የሰው ዕቃ ሲጠብቅ ይኖራል?" አለኝ። እኔም ስንቄን እንኳን ሳልይዝ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። በኛ አገር ደግሞ የተጣላ ልጅ አባቱ ዘንድ ይሄዳል እንጂ አባት ልጁ ዘንድ አይመጣም። እሱ መጣ። ከትናንት ጎሕ ጀምሮ ተጉዞ፣ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድሮ፣ አቧራ ለብሶ፣ ዱላውንና አንድ ስልቻ ይዞ መስኮቴ ሥር ቆመ።

አባት ሲመጣ የሚደረገውን የማያውቅ የለም። ካሉበት ይነሳል፣ ይወጣል፣ ጉልበት ይሳማል፣ እሱም አንገት አቅፎ ደኅንነትን ሰባት ስምንት ጊዜ ይጠይቃል። ከብቱ፣ ዝናሙ፣ ዘመዱ አንድ በአንድ ይነሳል። ይህ ሳይሆን ሌላ ወሬ የለም።

እኔ አልተነሳሁም።

ለምን ብትሉኝ፣ አቶ ሰይፉ ከበሩ ማዶ ቆሞ እንግዶቹን ይጠብቃል፤ ዐይኑ በኔ ላይ ነው። ተተኪ ሳይመጣለት አይወጣም የሚለው ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል። እንድሪስና ሁለት ሾፌሮችም አጠገቡ ቆመዋል። አባቴ በኽምጣኛ ሰላም አለኝ። እኔ በአማርኛ መለስኩለት።

"ደኅና ነዎት አባዬ። እንዴት መጡ?"

ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። አልተቆጣም። መስታወቱን አየ፣ ሰንሰለቱን አየ፣ እኔን አየ። "በመስኮት ነው እንዴ ሰላምታው?" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ሥራ ላይ ነኝ እኮ አባዬ። መውጣት አይፈቀድም። እንግዶችም ይመጣሉ።"

"እንግዲያ ልግባና ከውስጥ ልቀመጥ።"

"እሱም ክልክል ነው። እዚያ ካቡ ሥር ጥላ አለ፤ እዚያ ይጠብቁኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ተተኪ ሲመጣልኝ እንሄዳለን።" ውጭ ፀሐይ ላይ አላቆምኩትም ብዬ ልቤን አጽናናሁ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ይቀናዋል!

"ደግ" አለ። ሰንሰለቱን ለቀቅ አድርጌ ወደ ግቢው አስገባሁት። ሄዶ ከካቡ ሥር ተቀመጠ፤ ዱላውን ካቡ ላይ አስደገፈ፣ ስልቻውን ከጎኑ አኖረ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነው። አባቴ መሬት ላይ እንኳን ሲቀመጥ ጫማውን ሳያወልቅና አስተካክሎ ሳያኖር አይሆንለትም።

ከዚያ ጊዜው መሄድ ጀመረ። አምስት ሰዓት ሆነ። እንግዶቹ አልመጡም። በየመሃሉ በመስኮት አየዋለሁ። የጠዋት ጥላ ከምሥራቁ ካብ ሥር ሰፊ ነበር፤ እየጠበበ ሄደ። አባቴ መጀመሪያ እግሩን ሰበሰበ። ቆይቶ ጀርባውን ካቡ ላይ አጣበቀ። ስድስት ሰዓት ሲቀርብ ጥላው የአንድ ክንድ እንኳን አይሆንም፤ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለ። አየሁት። ጠርቼ ውኃ ልሰጠው አሰብኩ። ወዲያው የእንግዶቹ መኪና ከበሩ ደረሰና ሰንሰለቱን ልለቅ ተጣደፍኩ።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው። አቶ ሰይፉ እየተቁለጨለጨ ቤቴ ደረጃ ላይ አቆማቸውና ያስረዳ ጀመር፤ በዚህ ይታያል፣ በዚያ ይታያል፣ ደንቡ ይኸውላችሁ። ከመካከላቸው መነጽር ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ወረቀቴን ሙሉውን አነበቡና፣ "ጽሑፉ ያምራል፤ ያንተ ነው?" አሉኝ። ነው አልኩ፤ ደረቴ ተነፋ። ቀና ብዬ ወደ ካቡ ስመለከት ግን አባቴ የለም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ተቀይሞ ሄደ የሚል መጣብኝ፤ እሱም የሚገባኝ ነው። ልቤን ቅር አለው። ያኔ ነው ዱላውን ያየሁት። ዱላው ካቡን ተደግፎ እንደቆመ ነው። ስልቻውም አጠገቡ አለ።

አባቴ ያለ ዱላው ከቤቱ እስከ በረቱ አይሄድም። ተቀይሞ አገሩ የሚገባ የደሃና ሰው ደግሞ ዱላውን ጥሎ አይሄድም። ስለዚህ አባቴ ግቢው ውስጥ ነው። በረባሶው ግን ካቡ ሥር የለም። ጫማውን ይዞ ጥላ ፍለጋ ተነስቷል። በግቢው ውስጥ የቀረ ጥላ ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

አሥራ ሁለት መኪና በሁለት ረድፍ ቆሟል። ገና ይህን ሳስብ ከመጋዘኑ መልእክተኛ መጣ። ቦታ ተለቋል፤ ያሉት መኪኖች ሁሉ አሁኑኑ ገብተው ያራግፉ ተባለ። ሾፌሮቹ ሲጠብቁት የሰነበቱት ነው። ከሻይ ቤት ሮጠው መጡ፤ ረዳቶቹ ገበያ ነበሩ፣ ማን ይጠብቃቸዋል! አንዱ ሞተሩን አስነሳ፣ ሁለተኛው አስነሳ፣ ወዲያው ግቢው በጢስና በጩኸት ተሞላ። አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር አላየም። ጎንበስ ማለት የአያ በሪሁን ሥራ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ ጓሮ አስቀምጬዋለሁ።

"አቶ ሰይፉ" አልኩ በመስኮት፣ "አባቴ ግቢው ውስጥ..."

"ቆይ ኪሮስ፣ እንግዶቹ መውጫውን ይዩ" አለኝ። መጀመሪያው ሾፌር ወረቀቱን በመስኮት ዘረጋልኝ።

ፈረምኩ። ሰንሰለቱን ለቀቅሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዐይኔን ከሥሩ አልነቀልኩም። አልፎ ሲሄድ መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ ነው የነበረው። ሁለተኛው መጣ። ፈረምኩ። እሱም አለፈ፤ ባዶ መሬት። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ እውነት ነው፣ አልዋሽም። ከዚህ ብወጣ ሹመቴ ቀረ ብዬ አሰብኩ። አባቴ ከጎማ ሥር ሊሆን ይችላል፣ እኔ ሹመት አስባለሁ! በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚሉት ለኔ ነበር።

ሦስተኛው ወረቀቱን ሲዘረጋ ሰንሰለቱን አጥብቄ አሰርኩና በሩን በርግጄ ወጣሁ። "ወዴት ነው? ኪሮስ!" ይላል አቶ ሰይፉ። አልመለስኩለትም።

ፊሽካዬን ነፋሁ። በዚያ ሁሉ ሞተር መካከል ለራሴም አልተሰማኝም። መሬት ላይ በደረቴ ተኛሁና ከመጀመሪያው መኪና ሥር አየሁ፤ የለም። ተነስቼ ሮጥኩ፣ ተኛሁ፤ የለም። ከአራተኛው ሥር የተኛ ውሻ አለ። አጉል ሆኖ በውሻው ተናደድኩ። መኪኖቹ ወደ በሩ ለመሰለፍ አንድ በአንድ ፈቀቅ ማለት ጀምረዋል። የአንዱ ጎማ በእጄ አጠገብ ስንዝር ያህል ቀርቶት አለፈ።

ከኋለኛው ረድፍ ጫፍ ላይ የእንድሪስ ባለተሳቢ ቆሟል። ከተሳቢው የኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ ጎን ለጎን፣ አስተካክሎ የተቀመጠ አንድ ጥንድ በረባሶ አየሁ።

ጎንበስ ስል፣ ጋቢውን ከራስ እስከ እግሩ ተከናንቦ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ተኝቷል። ሌሊቱን በቅጡ ያልተኛ መንገደኛ ነው። ከጎማው እስከ እግሩ ያለው አንድ ክንድ ቢሞላ ነው። "አባዬ! አባዬ!" አልኩ። አልሰማም። ገብቼ ልጎትተው ስል መኪናው ተንቀጠቀጠ፤ እንድሪስ ማርሽ አስገብቷል። ገብቼ ሁለታችንም ከምንቀር ብዬ ወደ ፊት ሮጥኩ። ከመኪናው አፍንጫ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

እንድሪስ ከላይ አየኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ከበር የመለስኩት ሰው ነው። አንገቱን አወጣና፣ "ደግሞ ምን ጎደለ? ማኅተም?" ብሎ ጮኸ።

"ሰው አለ! አባቴ ነው! አባቴ!"

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ አልሰማኝም። እኔ አፌን እየከፈትኩ እጄን አወዛውዛለሁ። ለእሱ የዘወትሩ ኪሮስ መስዬዋለሁ፤ ሕግ የሚያስከብር፣ መንገድ የሚዘጋ። ሊያስፈራራኝ ፍሬኑን ለቀቅ አደረገና መኪናው ወደ እኔ መጣ፤ ስንዝር ቢሆን ነው። ወደ ደረቴ። ያች ስንዝር ከኋላ ምን ልትረግጥ እንደምትችል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከቦታዬ ግን አልተንቀሳቀስኩም፣ አልሸሸሁም። እንድሪስ ሳቀ። እግሩ እንደገና ሲነሳ አየሁ።

ያኔ ከኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ ብረት ሲመታ ተሰማ። ጣን። ጣን። ጣን።

ሦስት ነው።

የእንድሪስ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ፍሬኑ ፍሽሽ አለ። ሞተሩ ጠፋ። ምቱን የሰማው የቀጣዩም መኪና ሾፌር አጠፋ፣ ከዚያ ወዲያም ያለው አጠፋ፤ ሳይነጋገሩ ግቢው ሙሉ ጸጥ አለ። ቃሌን ያልሰማ ሾፌር ሁሉ ያን በትር ሰማ።

ወደ ኋላ ስሮጥ አያ በሪሁን በጉልበቱ ተንበርክኮ በትሩን አንስቶ ይዟል። እሱም ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ኋላ ስጠይቀው፣ "አንተ ከዚያ ቤት ስትወጣ አየሁህ። አንተ ከዚያ ቤት ከወጣህ የሰው ነፍስ ነው አልኩ" አለኝ። ስለኔ ከተነገረው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ጎማው የጋቢውን ጫፍ ረግጦ ቆሟል። አንዱን በረባሶ ደግሞ ከሥሩ አስገብቶታል። አባቴን ያነቃው ጩኸቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ጋቢውን ከፊቱ ገለጥ አደረገና መሬት ላይ የተኛሁትን የኔን ፊት፣ የአያ በሪሁንን ፊት ከኋላዬ፣ የእንድሪስን ነጭ የሆነ ፊት በሌላ በኩል አየ።

"ምነው ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?" አለ።

ጎትቼ አወጣሁት። ጋቢው ከጫፉ ተቀደደ። ብድግ ብሎ አቧራውን አራገፈና አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ ቆመ። እኔ እግሩ ሥር ወደቅሁ። ጉልበቱን ሳምኩ፣ ደግሜ ሳምኩ፣ አለቀስኩ፤ አቶ ሰይፉና እንግዶቹ ቆመው ያያሉ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ ያያሉ። በኽምጣኛ ሰላም አልኩት። ደኅና ነዎት፣ ጤና ነዎት፣ እናቴ ደኅና ናት፣ ከብቱ፣ ዘመዱ እያልኩ፣ ጠዋት የነፈግሁትን አንድም ሳላስቀር ጠየቅሁት። እሱም አንገቴን አቅፎ አንድ በአንድ መለሰልኝ። ሲጨርስ ትከሻዬን ይዞ፣

"አሁን ወጣህልኝ" አለ።

እንድሪስ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ወርዶ አባቴን ይቅርታ ሲለምን፣ አባቴ ከጎማው ሥር ጫፉ የታየውን በረባሶ በእግሩ እያመለከተ፣ "እሱን አትዘን፤ የመኪና ጎማ የመኪና ጎማን ቢረግጠው ምን ይሆናል?" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከእንባዬ ጋር ሳቅሁ። መኪናው ፈቀቅ ሲል በረባሶው እውነትም ምንም አልሆነም።

ማታ ላይ የተከራየሁት ቤት ገብተን ስልቻውን ፈታ። የገብስ በሶና በትንሽ ቅል ነጭ ማር ነበር። በሶውን በማር እያሸ ለምን እንደመጣ ነገረኝ። "በሬዎቹን ለታናሽህ ሰጥቻለሁ። ያን ጊዜ የሰው ዕቃ ጠባቂ ያልኩህ ከንዴት ነው። ሕዝቡ ከረኀብ የሚተርፈው በዚያ እህል አይደል? እሱን ትጠብቃለህና ተባረክ ልልህ ነው የመጣሁ።" እኔ የያዝኩትን በሶ መልሼ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን የተጓዘው ምርቃት ሊሰጠኝ ነው፤ እኔ ያቀበልኩት ደግሞ ካብ ሥር ያለ ጥላ ነው፣ ያውም የሚያልቅ ጥላ።

ሹመቱ ቀረ። በምትኩ ተተኪ ሳይመጣልኝ ከጥበቃ ቤት በመውጣቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ የተጠቀሰው የራሴው ደንብ ነው። ለአያ በሪሁንም ሊጽፉ ሲሉ መነጽር ያደረጉት ሽማግሌ እንግዳ፣ "ለዚያኛው እንኳን ተዉት" አሉ ተባለ። ደብዳቤዬን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ቤቶቹ አልፈረሱም። መፍረስም አልነበረባቸውም፤ ሌባ ከልክለዋል። ግን በሳምንቱ እንድሪስ አሮጌ ሸራ አመጣ፣ ሌሎቹ ሾፌሮች እንጨት አመጡ፣ ከበሩ ቤት ጎን ተያይዞ ሰፊ ዳስ ተጣለ፣ ከሥሩም የድንጋይ መደብ ተካበ። ጉዳይ ይዞ የመጣ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ ጥላ ያለው ሰው ከመኪና ሥር ምን ሊሠራ ይገባል? ደንቡንም እንደገና ጻፍኩት። ሳይመታ መኪና አይነሳም። ይህችን አንዲት መስመር ስጽፍ እጅ ጽሑፌ አላማረም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በጥበቃ ሥራ ቆየሁ፤ ብዙ የጥበቃ ቤትም አሠራሁ። አሠሪዎቹ መስኮቱ በየት ይሁን፣ ቁመቱ ስንት ይሁን ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ የሚጠብቅ ሰው የት ይቀመጣል ነው። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

አባቴ ዕድሜ ጠግቦ በአልጋው ላይ አረፈ። ጎማው የረገጠው በረባሶ እኔ ጋ ነው። እናንተም ምናልባት ዛሬ አንድ መስኮት ውስጥ ተቀምጣችሁ ይሆናል፤ ቢሮ ይሁን፣ ሱቅ ይሁን፣ ወንበር ይሁን። ሕጉን አክብሩ፣ አልከለክልም። ከመስኮቱ ማዶ የቆመው ሰው ግን ጥላው እያለቀበት እንደሆነ እወቁ።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌ ደጄ ሲቆም በመስኮት አልመልስለትም። በሩን ከፍቼ እወጣለሁ።